የሽፈራው ፍሬ ዘይት ባክቴሪያ ይገድላል? ሁለት ጠርሙስ፣ ሁለት የማይገናኝ ውጤት

የጫሞ ዳር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የሽፈራው ፍሬ ዘይት ቁስል በሚያመረቅዙ ባክቴሪያዎች ላይ ያለውን ኃይል ለመመረቂያ ጽሑፌ እየመረመርሁ ያለሁ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ያገኘሁት ውጤት እርስ በርሱ ስለተጣረሰብኝ፣ ወደ ጽሑፉ ከመግባቴ በፊት ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች እንዲያዩልኝ ነገሩን ከመነሻው አቀርባለሁ።

ዘይቱን ያገኘሁት በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ጠርሙስ የሰጡኝ አንዲት እናት ናቸው፤ አሠራራቸውም ኑግ በቤት ውስጥ እንደሚወጣው ዓይነት ሲሆን፣ ፍሬውን ፈልፍለው በምጣድ ላይ ቆላ ቆላ ካደረጉት በኋላ በሙቀጫ ይወቅጡታል፤ ከዚያም ዱቄቱን በፈላ ውሃ በጥብጠው በቅል ውስጥ ይንጡትና ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ይቀዱታል። ለቁስልና ለተሰነጣጠቀ ተረከዝ እንደሚቀቡት ነግረውኛል። ጠርሙሱ እኔ እጅ ከገባ በኋላ መስኮት አጠገብ ባለ መደርደሪያ ላይ አምስት ወር ያህል ቆይቷል። ሁለተኛውን ዘይት ደግሞ ፍሬውን ገዝቼ፣ ፈልፍዬ፣ በትንሽ የእጅ መጭመቂያ ያለ ሙቀት ጨምቄ፣ በማጣሪያ ወረቀት አሳልፌ በዚያው ሳምንት ተጠቀምሁበት።

ፍተሻውን ያደረግሁት በተለመደው የዲስክ ዘዴ ነው። ሙለር ሂንተን አጋር በተባለ ባክቴሪያ በሚበቅልበት የረጋ መኖ ላይ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስንና ኢ. ኮላይን አሰራጭቼ፣ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው የወረቀት ዲስኮች ላይ ዘይቱን አንጠባጥቤ በማግስቱ አየሁ። የእናትየዋ ዘይት በስታፊሎኮከስ ሳህን ላይ ጠባብ ቢሆንም ጥርት ያለ ቀለበት (ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ቦታ) ሠርቷል፤ በኢ. ኮላይ ላይ ግን ምንም አልሠራም። እኔ የጨመቅሁት ዘይት በሁለቱም ላይ ከሚያብለጨልጭ የቅባት እድፍ በቀር ያሳየው ነገር የለም። ለማነጻጸሪያ ያስቀመጥሁት ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በሁለቱም ላይ እንደሚጠበቀው ሠርቷል።

አማካሪዬ ሙቀቱ መድኃኒቱን ከፍሬው ውስጥ ያወጣው ይሆናል፤ ስለዚህ በባህላዊው ዘዴ የወጣውን ዘይት ብቻ ይዘህ ቀጥል ይሉኛል። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ልዩነቱ ከምን የመጣ ይመስላችኋል? ቀጥሎስ ምን ልፈትሽ?

ማይክሮ

ሁለተኛውን ውጤት ለመጣል አለመቸኮልዎ ደግ አድርጓል፤ ምናልባትም ከሁለቱ የበለጠ የሚያስተምርዎ እሱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዘዴው ልናገር። የዲስክ ዘዴ የሚሠራው ዲስኩ ላይ ያለው ንጥረ ነገር በአጋሩ ውስጥ እየተሰራጨ ሲሄድ ነው፤ አጋር ደግሞ ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። ተጨምቆ የወጣ ዘይት በውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ፣ ኃይል ቢኖረውም እንኳ ዲስኩ ሥር ተኮራምቶ ይቀራል። በመሆኑም ቀለበት አለመታየቱ ዘይቱ ኃይል የለውም ማለት አይደለም፤ የሁለት ዘይቶችን ቀለበት በሚሊ ሜትር ለክቶ ይኼኛው ከዚያኛው ይበረታል ማለትም አይቻልም፤ ሰፊ ቀለበት ያመጣው ይበልጥ የሚሟሟው እንጂ ይበልጥ የሚገድለው ላይሆን ይችላልና። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች በዚህ ቦታ ላይ ሲንሸራተቱ አይቻለሁ።

የሚሻለው በፈሳሽ መኖ ውስጥ ደረጃ በደረጃ እያቀጠኑ በ96 ጉድጓድ ሳህን መሥራት ነው። የባክቴሪያውን ድፍርስ ከ0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) ጋር ያስተካክላሉ፤ ይህም በአንድ ሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ገደማ ማለት ነው። ከዚያ አቅጥነው በየጉድጓዱ በሚሊ ሊትር 500 ሺህ ያህል እንዲሆን አድርገው በ35 ዲግሪ ከ16 እስከ 20 ሰዓት ያቆዩታል። ዘይቱን ከመኖው ጋር ለማዋሐድ ትዊን 80 የተባለ ዘይትን ከውሃ የሚያዋሕድ ነገር ያስፈልግዎታል፤ መጠኑን ግን ከግማሽ በመቶ አያሳልፉት። ትዊን 80 ራሱ ኦሌይክ አሲድ ከተባለው የቅባት አሲድ የተሠራ ስለሆነ በዛ ካለ የአንዳንድ ንጥረ ነገሮችን ኃይል ያዳክማል፤ ስለዚህ ትዊኑ ብቻ ያለበት ጉድጓድ፣ ባክቴሪያ ብቻ ያለበት ጉድጓድ፣ ምንም ያልተዘራበት ጉድጓድና መድኃኒት ያለበት ጉድጓድ በየሳህኑ ላይ ሊኖሩ ይገባል። ለስታፊሎኮከስ ኤቲሲሲ 29213 የተባለውን መደበኛ የማነጻጸሪያ ዝርያ ከተጠቀሙ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን በሚሊ ሊትር ከ0.12 እስከ 0.5 ማይክሮ ግራም ባለው ክልል ውስጥ ካልገታው ጥፋቱ ከዘይቱ ሳይሆን ከሳህንዎ ነው ማለት ነው።

ድፍርሱን በዓይን ለማንበብ አይሞክሩ፤ ዘይትና ትዊን ሲዋሐዱ ከመነሻው ወተት ይመስላሉ። ሬዛዙሪን የሚባለውን ቀለም ይጨምሩበት፤ ሕያው ባክቴሪያ ሰማያዊውን ወደ ሮዝ ይለውጠዋል። ዘይትና ቀለም ብቻ ያለበት፣ ባክቴሪያ የሌለበት አንድ ረድፍም ይኑርዎት፤ ዘይቱ በራሱ ቀለሙን ከለወጠው የሚያውቁት በዚያ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ ሳህን ላይ ሦስት ዲስክ ማስቀመጥ ሦስት ድግግሞሽ አይባልም። ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ዘይት መቶ ጊዜ ቢፈተሽ የሚነግርዎ ስለዚያ ጠርሙስ ነው። ከተለያዩ ዛፎችና ቦታዎች የተሰበሰበ ፍሬ ለየብቻው ተጨምቆ፣ በተለያዩ ቀናት ካልተፈተሸ በቀር ስለ ሽፈራው ዘይት መናገር አይቻልም።

ጨማቂው

ማይክሮ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ይሁንና ጥያቄው የዘዴ ብቻ አይመስለኝም። እኔ በዘይት ኬሚስትሪ ላይ የምሠራ ስለሆንሁ ነገሩን ከጠርሙሱ በኩል ልየው።

በሽፈራው ፍሬ ውስጥ ባክቴሪያን የሚያጠቃው ዋናው ነገር በዘይቱ ውስጥ አይደለም ያለው። ፍሬው ግሉኮሲኖሌት የተባለ፣ ስኳር የተያያዘበትና በውሃ የሚሟሟ ውህድ አለው። ከእሱ ተለይቶ በፍሬው ሕዋሳት ውስጥ የተቀመጠ ማይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ደግሞ አለ። ፍሬው ሲደቅና ውሃ ሲነካው ሁለቱ ይገናኙና አይሶታዮሲያኔት ይፈጠራል፤ ባክቴሪያውን የሚጎዳው እሱ ነው። ይህን ለመረዳት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ሰናፍጭን ማሰብ ይበቃል። ደረቁን የሰናፍጭ ዱቄት አፍንጫዎ ሥር ቢያደርጉት እምብዛም አይሰማዎትም፤ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ጥቂት ሲቆዩ ግን እንባ ያስወጣዎታል። ሰናፍጭና ሽፈራው በእጽዋት አመዳደብ በአንድ ክፍለ መደብ ውስጥ የሚገኙ ዘመዳሞች ናቸው። ልዩነቱ የሰናፍጩ አይሶታዮሲያኔት የሚተን ሲሆን፣ የሽፈራው ግን ራምኖስ የተባለ ስኳር ስለተጣበቀበት የማይተንና ረጋ ያለ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ደረቅ ፍሬ ያለ ውሃ ሲጨመቅ ግሉኮሲኖሌቱ የት ይሄዳል? ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ድፍርስ ውሃን የሚያጠራው የፍሬው ፕሮቲንም እንዲሁ ፋጉሎው ውስጥ ነው ያለው። ተጨምቆ የሚወጣው ዘይት ከሞላ ጎደል ትራይግሊሰራይድ (የቅባት አሲዶች የተያያዙበት ቅባት) ብቻ ነው፤ ከቅባት አሲዶቹም 70 በመቶ የሚያህለው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ኦሌይክ አሲድ ስለሆነ በጠባዩ ወደ ወይራ ዘይት ይቀርባል። እርስዎ በጥንቃቄ ጨምቀው፣ አጣርተው፣ ትኩሱን የፈተሹት ዘይት ምንም አለማድረጉ ስለዚህ አያስደንቅም፤ ንጹሕ ዘይት እንዲህ ነው የሚሆነው።

ታዲያ የእናትየዋ ዘይት ለምን ሠራ? አይሶታዮሲያኔት ነው እንዳልል ፍሬው ተቆልቷል፤ በዚያ ላይ የፈላ ውሃ ነክቶታል፤ ሙቀት ደግሞ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። በውሃ የወጣ ዘይት እርጥበት ይዞ ይቀራል፤ እርጥበቱ ትራይግሊሰራይዱን እየበጣጠሰ ነጻ የቅባት አሲዶችን ይለቃል። አምስት ወር መስኮት አጠገብ መቀመጡ ደግሞ ብርሃንና አየር አስገብቶ ፔሮክሳይድ (ዘይት ከአየር ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ውህድ) እንዲጠራቀምበት አድርጓል። ነጻ የቅባት አሲዶች ስታፊሎኮከስን የመሳሰሉ ግራም ፖዘቲቭ (የውጭ ሽፋን የሌላቸው) ባክቴሪያዎችን እንደሚያዳክሙ፣ ኢ. ኮላይን ግን የውጭ ሽፋኑ እንደሚከላከልለት የታወቀ ነው። ያዩት ውጤት ደግሞ ልክ እንደዚያው ነው፤ በአንዱ ላይ ቀለበት፣ በሌላው ላይ ምንም። በአጭሩ፣ ቀለበቱን የሠራው ሽፈራውነቱ ሳይሆን መሻገቱ (አርጅቶ መበላሸቱ) ሊሆን ይችላል። የሻገተ የወይራ ዘይትም ያንኑ ቀለበት ይሠራልዎ ይሆናል።

ለማረጋገጥ ሁለት ቲትሬሽን (ፈሳሽ በጠብታ እየጨመሩ መጠን መለካት) ይበቃል። ለአሲድ መጠን፣ ዘይቱን መዝነው አስቀድሞ ገለልተኛ በተደረገ (አሲዱ በጠፋለት) አልኮል ውስጥ ያሟሙትና ፌኖልፍታሊን (በቤዝ ውስጥ ሮዝ የሚሆን ቀለም) ጠብ አድርገው፣ ሮዙ ቀለም ሠላሳ ሰከንድ ሳይጠፋ እስኪቆይ ድረስ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይጨምሩበት። ለፔሮክሳይድ የታወቀው የአዮዲንና የታዮሰልፌት ዘዴ አለ፤ ክሎሮፎርም ስላለበት ጭስ መምጠጫው ሥር ይሥሩት። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ተጨምቆ ላልተጣራ ዘይት የሚፈቅደው በአንድ ግራም እስከ 4 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የአሲድ መጠንና በአንድ ኪሎ ግራም እስከ 15 ሚሊ ኢኩቫለንት ፔሮክሳይድ ነው።

የአማካሪዎን ሐሳብ በተመለከተ፣ ሙቀት መድኃኒት ያወጣል የሚለው ለብዙ ቅጠል ይሠራ ይሆናል፤ ለዚህ ፍሬ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

የካራት ልጅ

የኬሚስትሪው ነገር ለባለሙያዎቹ ይቆየኝና፣ ማንም ያላነሣውን ጥያቄ ላንሣ፤ የትኛው ሽፈራው?

እኛ ኮንሶ ውስጥ የምናበቅለው፣ ጋሞዎች ሀለኮ የሚሉት፣ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ነው። ግንዱ ከሥሩ ወፍሮ ጠርሙስ የሚመስል፣ የትውልድ ቦታውም ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ የሆነ ዛፍ ነው። ከጓሮ እስከ እርከን በየቦታው ይተከላል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የኮንሶ መልክዓ ምድር ያለዚህ ዛፍ አይታሰብም። ቅጠሉ ለእኛ መድኃኒት ከመሆኑ በፊት ምግብ ነው፤ ከኩርኩፋ ጋር ተቀቅሎ በየቀኑ ይበላል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በየከተማው የተሰራጨው ግን ከሕንድ የመጣው ሞሪንጋ ኦሌይፌራ ነው። ነጋዴው ሁለቱንም ሽፈራው እያለ ይሸጣል። ፍሬያቸውን ግን በዓይን መለየት ይቻላል፤ የእኛው ተለቅ፣ ረዘም ያለና ፈዛዛ ቀለም ሲኖረው፣ የሕንዱ ግን ክብ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ሁለቱም እንደ ወረቀት የሳሱ ሦስት ክንፎች አሏቸው። እርስዎ ፍሬውን ገዛሁ ነው ያሉት። ከማን ዛፍ? ቅጠልና አበባ ያለበት ቅርንጫፍ ደርቆ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ እጽዋት ማኅደር) ቁጥር ካልተሰጠው፣ ጽሑፍዎን የሚያነብ ሰው የትኛውን ዛፍ እንደመረመሩ በምን ያውቃል?

ሌላው ደግሞ ስለ እናትየዋ ነው። የነገሩዎት አሠራርና አጠቃቀም የማኅበረሰብ ዕውቀት ነው። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን (አግኝቶ መጠቀምን) የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 482/1998 እንዲህ ያለው ዕውቀት የሚወሰደው ባለቤቱ ማኅበረሰብ አስቀድሞ ሲፈቅድ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ለሀብቱም ቢሆን ፈቃድ የሚሰጠው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የአገር ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ተቋማት በቀለለ ሥርዓት እንደሚስተናገዱ አውቃለሁ፤ ቀለለ ማለት ግን ቀረ ማለት አይደለም። ቅር አይበሉኝ፣ ብዙ ሰው ጠርሙስ ይዞ ሄዶ ተመልሶ ስላልመጣ ነው።

የጫሞ ዳር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት ጠፍቼ የከረምሁት የተባልሁትን ስሠራ ነው።

በመጀመሪያ የሚያሳፍረኝን ልናገር። የካራት ልጅ ያሉትን ካነበብሁ በኋላ ከገዛሁት ፍሬ የተረፈውን ከጆንያው አውጥቼ በነጭ ወረቀት ላይ ዘረገፍሁት። ሁለት ዓይነት ነው። አብዛኛው ፈዛዛና ተለቅ ያለ ቢሆንም፣ በመካከሉ እንደ ሽምብራ ክብ ክብ የሆነ ቡናማ ፍሬ በእፍኝ የሚቆጠር አገኘሁ። ስለዚህ ሁለተኛው ዘይቴ የአንድ ዛፍ ዘይት አልነበረም። ያን ሥራ ትቼ፣ ዛፋቸውን አይቼ ካረጋገጥኋቸው አራት ግቢዎች አዲስ ፍሬ ለየብቻው ሰብስቤአለሁ፤ ቅርንጫፎቹንም በጋዜጣ መካከል ተጭኜ አድርቄአለሁ። እናትየዋንም ሄጄ አነጋግሬአቸዋለሁ፤ የፈቃዱን ጉዳይ ደግሞ በትምህርት ክፍሉ በኩል ጀምረናል።

ቲትሬሽኑን በተመለከተ ጨማቂው እንደገመቱት ሆነ። አዲሱ ዘይት ጥቂት ጠብታ ሲነካው ሮዝ ሆኖ ቀረ። የአሮጌው (የእናትየዋ) ግን ሮዙ ብልጭ ይላል፣ ስወዘውዘው ይጠፋል፤ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፤ ቡሬቱን ሁለት ጊዜ እስክሞላው ድረስ እንዲሁ ነበር። ስሌቱ ከ4 በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው። ፔሮክሳይዱም ከወሰኑ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በጎ ነገር ቢኖር፣ ጠርሙሱን ከፍቼ ሳሸተው ድሮም የአሮጌ ቅቤ ሽታ ነበረው፤ የባህል መድኃኒት ጠረን መስሎኝ ነው ሳልጠይቅ ያለፍሁት።

እንግዲህ ውጤቱ ከመሻገት ነው ብዬ መጻፍ እችላለሁ?

ጨማቂው

ገና ነው። እስካሁን ያሳዩት ዘይቱ የሻገተ መሆኑን እንጂ ቀለበቱን የሠራው መሻገቱ መሆኑን አይደለም። ሁለቱን የሚያገናኘው ፍተሻ ግን ከባድ አይደለም።

አሮጌውን ዘይት ለሁለት ይክፈሉት። ግማሹን እንዳለ ይተዉት፤ ግማሹን በቀጭን ሶዲየም ካርቦኔት ውሃ እጠቡት። ነጻው አሲድ ሳሙና ሆኖ ወደ ውሃው ይወርዳል። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ ሳሙና ራሱ ባክቴሪያ ስለሚጎዳ፣ በለብታ ውሃ ደጋግመው እያጠቡ፣ የመጨረሻው ውሃ ፌኖልፍታሊን ሲጨመርበት ቀለሙ ሳይለወጥ እስኪቀር ድረስ አያቁሙ። ሲያጥቡት ውሃና ዘይቱ አልለይ ብሎ እንደ ዓይብ ሊረጋብዎት ይችላል፤ ትንሽ ጨው ጨምረው ያሳድሩት። ከዚያ አድርቀው ይፈትሹ። ኃይሉ ከጠፋ ሥራው የነጻ አሲዶቹ ነበር። ካልጠፋ ፔሮክሳይድ ወይም ሌላ ነገር ቀርቶበታል፤ ማጠቡ ፔሮክሳይድን አያወጣምና።

በተቃራኒው በኩልም ይሂዱበት። ትኩሱንና ኃይል የሌለውን ዘይት ወስደው፣ በአንዱ ክፍል ላይ የአሮጌው የአሲድ መጠን እስኪደርስ ንጹሕ ኦሌይክ አሲድ ይጨምሩበት። ሌላውን ክፍል ያለ እርጥበት በ60 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክፍት አድርገው የፔሮክሳይዱ መጠን ከፍ እስኪል ያቆዩት። የወይራ ዘይትንም በዚሁ መንገድ ያሳልፉት። ኃይል የሌለው ዘይት በእጅዎ ኃይል ካገኘ፣ የወይራውም አብሮት ካገኘ፣ ያኔ በሙሉ አፍ መናገር ይችላሉ።

ፋጉሎውን ግን እባክዎ አይጣሉት፤ የጽሑፍዎ ዋና ክፍል የሚሆነው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። አንዱን እጅ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት፤ ሌላውን በቀጥታ በፈላ ውሃ ላይ ይጨምሩትና ያፍሉት። የቀዝቃዛው ሠርቶ የፈላው ካልሠራ ኢንዛይሙን አገኙት ማለት ነው።

አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ የእንዶድን ነገር የደረሰበት፣ ሰዎች በእንዶዱ የሚያደርጉትን እንዳለ በመከተል ነው። ሰዎቹ እንዶዱን በውሃ ነበር የሚደፈድፉት፤ የሚገድለውም ሳፖኒን የተባለ አረፋ የሚያወጣ ውህድ በውሃው ውስጥ ተገኘ። እርስዎም እናትየዋ ዘይቱን ከቀዱ በኋላ በቅሉ ሥር የሚቀረውን ውሃና አተላ ምን እንደሚያደርጉት ጠይቀዋቸዋል?

ማይክሮ

ስለ ፋጉሎው አንድ ወጥመድ አለ። የሽፈራው ፍሬ ፕሮቲን ድፍርስ ውሃን የሚያጠራው ደለሉንና ባክቴሪያውን አያይዞ ወደ ታች በማውረድ ነው። በመኖው ውስጥም ያንኑ ያደርግብዎታል፤ ጉድጓዱ ጥርት ብሎ ያዩትና ባክቴሪያው ሞተ ይላሉ፤ እሱ ግን ከሥር ተኝቷል፣ በሕይወትም አለ። ፕሮቲኑ ሙቀትን ስለሚቋቋም የፈላውም ናሙና ሊያሳስትዎ ይችላል። ስለዚህ ከየጉድጓዱ ሥሩን በጥብጠው ጥቂት ወስደው በአዲስ አጋር ላይ ይዝሩ፤ የሚበቅል ነገር ካለ አልሞተም።

የመድኃኒት ቤት ሰው

ከጎን ሆኜ ስከታተል ነበር። ወደ ቆዳ ስለሚሄደው ነገር ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ገና ሳይታተም ዘይቱ በየሱቁ "በቤተ ሙከራ የተረጋገጠ" ተብሎ ሲሸጥ ይታያል።

በሳህን ላይ ባክቴሪያ መግታት አንድ ነገር ነው፤ የተከፈተ ቁስል ላይ መቀባት ሌላ ነው። ኦሌይክ አሲድ የቆዳን የላይኛ ሽፋን እንደሚያላላ የታወቀ ሲሆን፣ ሌሎች መድኃኒቶችን ወደ ቆዳ ለማስገባት ጭምር ያገለግላል። ነጻ አሲዱ የበዛበት የሻገተ ዘይት ስታፊሎኮከስን ከገታ፣ በዚያው መጠን የተጎዳውን ቆዳ ሊያስቆጣ ይችላል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) መመሪያ ቁጥር 404 በጥንቸል ቆዳ ላይ፣ ቁጥር 439 ደግሞ በቤተ ሙከራ በተሠራ የሰው ቆዳ ሕዋስ ላይ የማስቆጣት ጠባይን ይፈትሻሉ፤ ሁለተኛው እንስሳ ስለማይጠይቅ አቅሙ ካለ ይሻላል። በእንስሳ ላይም ሆነ በሰው ላይ የሚደረግ ነገር ሁሉ አስቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልገዋል። መድኃኒት ነው ተብሎ ለገበያ የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

እናትየዋ ለተሰነጣጠቀ ተረከዝ የሚቀቡት ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ጋር አይጋጭም። ዘይት እርጥበትን ያዝ ያደርጋል፣ ቆዳን ያለሰልሳል፤ ለዚያ ባክቴሪያ መግደል አይጠበቅበትም። እንዲያውም እኔ ብሆን ጥያቄውን የምጀምረው ከዚያ ነበር፤ ሰዎቹ የሚሉት "ያለሰልሳል" ከሆነ፣ እኛ ለምን "ይገድላል?" ብለን እንፈትሻለን? ትኩሱን ዘይት በጨለማ ጠርሙስ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ለእሳቸው ከሁሉ የሚጠቅም ምክር ሊሆን ይችላል።

የጫሞ ዳር (ጠያቂ)

ጨማቂው የጠየቁትን ትናንት ጠየቅኋቸው። አተላውን አይጥሉትም፤ ውሃው ድፍርስ በሚሆንበት በክረምት ማሰሮ ውስጥ እንደሚጨምሩት፣ ለዚህ ግን ያልተቆላው ፍሬ እንደሚሻል ነገሩኝ። ለምን እንደሚሻል ስጠይቃቸው ሳቁ፤ "ሲቆላ ይሞታላ" አሉኝ። የትኛው የፍሬው ክፍል እንደሚሞት እሳቸውም አልነገሩኝም፣ እኔም ፕሮቲኑ ሙቀት ይቋቋማል ከተባለው ጋር ገና አላስታረቅሁትም። አንድ የፋጉሎ ናሙና ከተቆላ ፍሬ፣ አንድ ካልተቆላ ፍሬ ጨምሬበታለሁ።

ዘይቱን ማጠብ የጀመርሁት ዛሬ ጠዋት ነው። አራተኛውን ውሃ አወጣሁ፤ ፌኖልፍታሊኑ ሲነካው አሁንም ሮዝ ነው። ጨው ጨምሬበት ለነገ አሳድሬዋለሁ፤ ሳህኖቹ እንደተነበቡ ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።